መንግሥት ሽማግሌ እስኪልክ

ሕግ የሚወጣው ለአገር ነው የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ለእኛ ቤት ብቻ የወጣ አለ። ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሦስት ሰው ተረዳድቶ ካላነበበው የማይገባ ረጅም ዓረፍተ ነገር አለው። እዚህ ኮሎምበስ፣ መሃል ከተማ ባለው ባለ ዓምዱ ትልቅ ቤት፣ ስለ ግብርና ስለ ትምህርት ቤት ሲከራከሩ የዋሉ ሕግ አውጪዎች ለጥቂት ደቂቃ ቆም ብለው ስለ አንዲት ነጭ ቫን ድምፅ ሰጡ።

እኔ ባደግኩበት አገር በአንድ ሰው ላይ ሕግ ወጣ ከተባለ ሰውየው ጨርቄን ማቄን ሳይል ድንበር ይሻገራል። እዚህ ግን ለመጥቀምም ይወጣል። መንግሥት አንዱን ሲበድል፣ ተበዳዩ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ ሲዘጋበት፣ ሕግ አውጪዎቹ በእሱ ልክ የተቀደደች ጠባብ ሕግ ይሰፉለታል። የእኛ ስትሰፋ መርፌው ያልወጋው ሰው የለም። ከሁሉ በላይ የተወጋሁት ግን እኔ ነኝ፤ መርፌውን የያዝኩትም እኔው ነበርኩ።

ቫኗ የራሴ ነበረች። ከኋላዋ ዊልቸር የሚያነሳ ሊፍት አላት። ሥራዬ የታመሙ ትልልቅ ሰዎችን ከቤታቸው ወደ ዲያሊሲስ፣ ወደ ኩላሊት እጥበት፣ ማድረስና መመለስ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ስለማታገኙ ደግሜ ልበለው፤ እወደዋለሁ። እትዬ ብርቄ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሴት ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ሆስፒታሉ የሰፈሩን ወሬ ይነግሩኛል፣ ስመልሳቸው ያንኑ እንደ አዲስ ይነግሩኛል። አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ አለ፣ እሱ የሚፈልገው ዝም እንድል ብቻ ነው። ለሁሉም እንደየፍላጎቱ አገለግላለሁ።

አንድ በረዷማ ጠዋት ኖርዝላንድ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ቫኗን አቁሜ ለሦስት ደቂቃ ዳቦ ልግዛ ብዬ ሱቅ ገባሁ። የእኔ ሦስት ደቂቃ በባለቤቴ በከድጃ ሰዓት ሠላሳ ነው። ውጭ የመንግሥት የጨው መኪና፣ ያ መንገድ ላይ ለበረዶ ጨው የሚበትነው ግዙፍ መኪና፣ ወደኋላ እየሄደ ይጮሃል። እኔ ሲጮህ እየሰማሁ የጥቁር አዝሙድ ዋጋ እከራከራለሁ። ስወጣ ቫኗ ቁመቷ ግማሽ ሆኗል። ውስጧ ማንም አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ። ኢንሹራንሴ ደግሞ እኔ ሰው ብገጭ የሚከፍል እንጂ እኔ ስገጭ የሚያውቀኝ ዓይነት አልነበረም።

ከጨው መኪናው የወረደው ሾፌር ተራራ የሚያህል ሰው ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሰር፣ አላየሁህም፣ በፍጹም አላየሁህም» ይላል ራሱን ይዞ። አንጀቴን በላው። አይዞህ አልኩት፣ ከያዝኩት ትኩስ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ፖሊሱ ሲደርስ ሁለታችንም ቆመን ዳቦ ስንበላ አገኘንና ማን ማንን እንደገጨ ለመለየት ተቸገረ። በመጨረሻ ሾፌሩ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «በዚህ ቁጥር ደውልና ክሌም ፋይል አድርግ» አለኝ።

እኔ ልደውል? ተበዳዩ?

እኛ ዘንድ በዳይ ነው ሽማግሌ የሚልክ። ተበዳይ ቤቱን ጠርጎ፣ ፊቱን ቋጠር አድርጎ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ይላሉ፣ ተበዳይ ትንሽ ይግደረደራል፣ ከዚያ ነገሩ በካሳ ያልቃል። ተበዳይ ራሱ ተነሥቶ የበዳይን ደጃፍ ካንኳኳ ክብር የለውም። ይህን ለከድጃ አስረዳኋት።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው እዚያ ነው» አለችኝ። «እዚህ ክሰሰኝ ብሎ ወረቀት ሰጥቶሃል። ስልኩን አንሳ።»

ነገሩ በከድጃ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ግን ሐጂ ይማም አለ። ሐጂ ይማም ሁለት በር አልፎ የሚኖር ወዳጄ ነው። ኮምቦልቻ እያለ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ባለ ድንበር ያስታረቀ ሰው፣ እዚህ ከመጣ ጀምሮ የሚታረቅ ሰው አጥቶ ተቸግሯል። ጉዳዬን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«እንዳትደውል!» አለኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መንግሥት ማለት ትልቅ ቤት ነው፤ ማንን ልላክ ብሎ እስኪመርጥ ጊዜ ይፈጅበታል። ቤትህን ጠርገህ ጠብቅ። አብሽር።»

ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩና መጠበቅ ጀመርኩ። መንግሥት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ስለሚሆን ሽማግሌ የሚልከው ቅዳሜ ነው ብለን ወሰንን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኑ ይጠረጋል፣ ጥሩው የጠረጴዛ ልብስ ይዘረጋል፣ ከድጃ እያጉረመረመች ለስድስት ሰው ትሠራለች። ማታ ላይ የስድስቱን ሰው ምግብ እኔና ሐጂ ይማም እንበላለን። በበደሉ የተነሣ ሁለታችንም ወፍረናል።

በሥራ ቀን ደግሞ ዋይትሆል አጠገብ ካለ መጋዘን ሥራ ገባሁ። እጄ ላይ ስካነር አሰሩልኝ። ቆም ካልኩ ይጮሃል። በሃያ አምስት ዓመት ትዳር ከድጃ እንኳ እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ወገቤ መታጠፉን እሺ ብሎ መቃናቱን እንቢ አለ። እትዬ ብርቄ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ አዲሱ ሾፌር ጆሮው ውስጥ ነገር ወትፎ ነው የሚነዳ። ደህና አደርክ ብለው አይሰማ፣ ብሞትም አይሰማ። መቼ ነው የምትመጣ?»

«እትዬ፣ ሽማግሌ እየጠበቅኩ ነው።»

«ሽማግሌ ከሆነ የቸገረህ እኔ አለሁ አይደል እንዴ! ሰማንያ ሊሞላኝ ነው።»

ያን ስልክ በዘጋሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የፈለግኩት ሌላ ምንም አልነበረም፤ ቫን አግኝቼ ወደ ሰዎቼ መመለስ ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ በር ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራባት፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ታርጋ። ታርጋው ላይ ከስማቸው በፊት በእንግሊዝኛ «ሽማግሌ» የሚል ማዕረግ ተጽፏል። ወላሂ እውነቴን ነው። ሁለቱም ሃያ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም። ለሐጂ ይማም ደወልኩ።

«መጡ!»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት። ደግሞ ልጆች ናቸው።»

«ግድ የለም፣ እዚህ አገር ሁሉ ነገር በጊዜ ነው የሚጀመር» አለና ነጭ በነጭ ለብሶ ከተፍ አለ።

ልጆቹ ሳይለመኑ ተቀመጡ፤ ሐጂ ይማም ቅር አለው። ከዚያ አንደኛው በለሰለሰ ድምፅ «ልባችሁ ላይ የከበደ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። አለ እንጂ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ነገርኳቸው። ከጥቁር አዝሙዱ ጀምሬ ምንም አላስቀረሁም። አንደኛው ዓይኑን ጠረገ። ሁለተኛው ይቅር ማለት ታላቅ ነገር መሆኑን አስረዳን። «እሱማ ይቅር ይላል፣ ካሳው የታል?» አለ ሐጂ ይማም። ልጆቹ ተያዩ። አንድ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ሐያት ከፎቅ ወረደችና በእጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ዳድ፣ ኦ ማይ ጋድ። እነዚህ ሃይማኖት ሰባኪዎች ናቸው!»

እነሱ ግን ሁለተኛ ሳህን ላይ ደርሰው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አካፋ ይዘው መጥተው ደጃችንን ከበረዶ ጠረጉልን። ሐጂ ይማም ይህን እንደ ቀብድ ቆጠረው።

ከእነሱ በኋላ ደግሞ ታብሌት የያዘ ሰው መጣ። «ከመንግሥት ነህ?» ስንለው «የመንግሥት ድጋፍ ያለው ፕሮግራም ነው» አለን። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን! ሐጂ ይማም አንድ ሰዓት ተደራደረ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ በመሃል ተቆጥቶ ተነሥቶ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ልፈርም እስክሪብቶ ስይዝ ነው ከድጃ መጥታ ወረቀቱን ያየችው። አሥራ አንድ አዲስ መስኮት ልገዛ ነበር። ቤታችን ያለው መስኮት ዘጠኝ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለተኛው የበረዶ ወቅት አለፈ። አንድ ቀን ሐያት ፍሪጁ ላይ የክፍለ ጊዜዋን ሰንጠረዥ ልትለጥፍ ወረቀቱን አነሣችው።

«ዳድ፣ ዲድ ዩ ሪድ ዚስ?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ጀርባውንም?»

ወረቀት ጀርባ እንዳለው ማን ነገረኝ። ጀርባው ላይ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልገባ ከዚያ በኋላ እንደማይሰማ ተጽፏል። ሁለት ዓመቱ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሐያት ለጠበቃ ደወለች። ጠበቃው ፍርድ ቤቱ ከእንግዲህ በሩን አይከፍትም አለ። የቀረች አንዲት ቀዳዳ ብትኖር ሕግ አውጪዎቹ ለእኛ ብቻ ሕግ ቢያወጡ ነው፤ ይህም ከሦስት ሁለቱ እጅ ካልደገፈው አይሆንም፣ ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል ብሎ ዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ከድጃ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የቅዳሜውን የጠረጴዛ ልብስ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችና ወገቤን ልታሸኝ ቅባቱን አመጣች። በሆዴ ተኝቼ በጣም አፈርኩ። ክብሬን ስጠብቅ የከረምኩት በእሷ ድካም እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

የአካባቢያችን የምክር ቤት አባል ሴት ናት። በወር አንድ ቀን ኖርዝላንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ሰው ታነጋግራለች። ሐያት ጎትታ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ሁሉንም ሰማችና «ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልክ?» አለችኝ።

«እንድትመጡ እየጠበቅኩ ነበር» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አያቷ ገበሬ እንደነበር፣ አጥሩን ያፈረሰ ጎረቤት መጥቶ ይቅርታ እስኪለው አሥራ አንድ ዓመት እንደጠበቀና ሳይመጣለት እንደሞተ ነገረችኝ። «ረቂቁን አቀርበዋለሁ» አለች። «ቃል ግን አልገባም።»

ወሬው ሞርስ ሮድ ላይ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። ሕግ ሊወጣለት ነው! በሳምንቱ ሳሎናችን ሞላ። አንዱ የፓርኪንግ ቅጣቱን በሕጉ ውስጥ አስገባልኝ አለኝ። ሌላዋ የእህቷን ቪዛ በአንድ መስመር እንድጠቅስላት ለመነችኝ። አንድ ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት ቤዝመንቱ ውስጥ የሚኖረውን የሚስቱን ወንድም በሕግ እንዲወጣለት ፈለገ፤ ሚስቱ ስትሰማ ረቂቁን ተቃወመች። ሐጂ ይማም ሁሉንም በደብተር መዘገበና ራሱን የሕጉ ኮሚቴ ሊቀመንበር አደረገ።

በባለ ዓምዱ ቤት፣ የሕግ አውጪዎቹ ኮሚቴ ፊት የምመሰክርበት ቀን ደረሰ። የእኛ ሰዎች ሰባት ሽማግሌ ሆነው መጡ። ከዋይትሆል የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ጋሽ ተስፋዬም አሉበት። በሩ ላይ ያለው የፍተሻ ማሽን ሰባት ከዘራ በአንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ከዘራዎቹ በአንድ በኩል አለፉ፣ ሽማግሌዎቹ በሌላ በኩል፤ ወዲያ ማዶ ሲገናኙ የማን የማን እንደሆነ ለመለየት ሌላ ሽምግልና አስፈለገ።

ኮሚቴው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሦስት ደቂቃ አለህ አለኝ። ሰላምታ ብቻ ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቻችሁስ ሳልል ወደ ገንዘብ አልገባም። ጊዜ ማለቁን የምትናገር አንዲት መብራት ቀይ ሆነች። ሰብሳቢው ታገሠኝና ጠየቀኝ።

«እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም ነበር?»

ሐጂ ይማም ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። መኪና ውስጥ «አልችልም በል፣ ያዝኑልሃል» ብሎ መክሮኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንቢ አለኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። «ያልሄድኩት ትመጣላችሁ ብዬ ነው። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ወደ ተበደለው ቤት ይመጣል። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴን ጠርጌ ጠበቅኳችሁ።»

ጥግ ላይ አንድ ከገጠር የተመረጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ ፊታቸውን አጨማደው ሰዓታቸውን ሲያዩ የቆዩ። ማይካቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ማንም አልመጣም?» አሉ።

«ሁለት ልጆች መጥተው ነበር፤ ግን የእናንተ አልነበሩም።»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ብድግ አሉ። «ለሁሉም መናገር አልችልም» አሉኝ። «ስለራሴ ግን፣ ይቅርታ አድርግልኝ። መምጣት ነበረብን።»

እናንተ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ የጠበቅኩት ሰው፣ ነጭ ፀጉር ያለው፣ ቆሞ የሚለምን፣ ፊቴ ነው። እንባዬ መጣ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩና በማይክሮፎኑ እንዲህ አልኩ፤ «ለእርስዎ ስል ይቅር ብያለሁ። ካሳውም ይቅር። ቫኗም ትቅር።»

እኛ ዘንድ ይህ ወግ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ተበዳይ ሁሉን ትቻለሁ ይላል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ «የለም፣ እንዲህማ አይሆንም!» ብለው በግድ ያስይዙታል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ጥያቄህን ትተሃል ማለት ነው? ይመዝገብ?»

አንዲት ጸሐፊ መተየብ ጀመረች። ወደ ሰባቱ ሽማግሌዎቻችን ዞርኩ፤ «የለም!» በሉ በሚል ዓይን። ሐጂ ይማም እያለቀሰ ነው። «አላህ ይስጥህ! ወንድ!» አለኝ። ጋሽ ተስፋዬ «ተባረክ» ብለው አጨበጨቡ። የምክር ቤት አባሏ ግንባሯን ይዛለች። ሁለት ዓመት የጠበቅኳትን ቫን በገዛ አፌ በአንድ ትንፋሽ ለመንግሥት መረቅኳት።

«ሚስተር ቼርማን!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ከድጃ ቆማለች። የአዳራሹ ሥርዓት አስከባሪ የምታሳያትን የዝምታ ምልክት አላየችም፣ ወይም አይታ ትታዋለች።

«እሱ ይቅር ያለው የራሱን ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሚስቱ ነኝ። የቫኗ ታይትል ላይ፣ የባለቤትነት ወረቀቷ ላይ፣ የእኔም ስም አለ። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናንተ ምግብ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ወገቡን የማሸው እኔ ነኝ። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ስለዚህ አትስሙት።»

የምክር ቤት አባሏ በመብረቅ ፍጥነት ብድግ አለችና የአመልካቹ ስም ከረቂቁ ወጥቶ የሚስቱ እንዲገባበት ማሻሻያ አቀረበች። ሽማግሌው ሰውዬ ወደ ከድጃ ዞሩ።

«እሜቴ፣ እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ቫኗ ስትመጣ አስብበታለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ወራት ፈጀ። ረቂቁ ሁለቱንም የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ማለፍ ነበረበት፤ እኔም ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር እንዳላወራ በቤት ሕግ ተከለከልኩ። መጋዘን ውስጥ ሳጥን ተሸክሜ ሳለሁ ሐያት ኮል አደረገችኝ። «ዳድ! ኢት ፓስድ! ከሦስት ሁለቱ እጅ በላይ!» ሳጥኑን አስቀመጥኩና እላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ስካነሩ መጮህ ጀመረ። ጮኸ፣ ጮኸ፤ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። ደረቴ ላይ የተጫነ ድንጋይ ተንከባሎ ሲወርድ ተሰማኝ። እፎይ ብዬ እዚያው ሳጥኑ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ የሺፍት አለቃዬ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

አሁን በካሳው የተገዛችው ቫን ደጃችን ቆማለች። ታይትሉ ላይ ያለው የከድጃ ስም ብቻ ነው፤ ሕጉም ላይ እንደዚያው፣ የእኔ ስም ከጥግ እስከ ጥግ ቢፈለግ አይገኝም። ወንድነቴ ይቆጣል ብዬ ጠብቄው ነበር፤ ምንም አላለም፣ ቀለል አለው። እኔ ሾፌር ነኝ። እትዬ ብርቄ ወሬያቸው ስለተጠራቀመ በመሄጃው ብቻ አያልቅም፣ ጡረተኛውም ዝም በማለቴ ደስ ብሎታል። ጠዋት ጠዋት ልወጣ ስል ከድጃ በር ላይ ቁልፉን መዳፌ ውስጥ ታስቀምጥና ጣቶቼን አንድ በአንድ ታጥፍልኛለች።

«በል፣ ማንንም ይቅር ሳትል ተመለስ።»